የልጄ መልክ በሦስት ካሜራ

ባለቤቴ ፎቶውን አየችና ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» አለች።

አንድያ ልጃችን ከሞተች ስምንት ወር ሆኗት ነበር። መቃብሯ ላይ የሚቆመው ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል፣ የቀረው ፎቶዋ ብቻ ነው። አዳማ ያለው ሐውልት ሠሪ ፎቶውን ሸክላ ላይ ያትምና ድንጋዩ ውስጥ ይለስነዋል። አንዴ ከተለሰነ ሳይሰበር አይወጣም። እኔ አሰላ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፎቶ ቤት ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። በከተማው ስንት ለቅሶ ላይ በመስተዋት ተለብጦ የቆመውን ፎቶ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የራሴን ልጅ ሳዘጋጅ ግን እናቷ አላወቀቻትም።

«በደንብ እዪው እንጂ» አልኳት።

«አይቼዋለሁ።»

«የተመረቀች ቀን ነው። ጸጉሯን የሠራሻት ራስሽ ነሽ።»

«ጸጉሩ የሷ ነው። ቀሚሱም የሷ ነው። ፊቱን ከየት እንዳመጣኸው አንተ ታውቃለህ።»

ተቆጣሁ። ቁጣ ይቀድመኛል፣ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ሐዘን አእምሮሽን ነክቶታል፣ የገዛ ልጅሽን መልክ ረሳሽ፣ አልኳት። ፎቶውን እንደተገለበጠ ትታው ወጣች።

ፎቶውን ቀና አድርጌ ከግድግዳው ጋር አስደገፍኩት። ልጃችን የእናቷን መልክ የወሰደች ጠቆር ያለች ጠይም ነበረች። ፎቶው ላይ ያለችው ቀይ ዳማ ናት። ግንባሯ ያበራል፣ ጉንጯ ላይ አንዲት ነጥብ የለም። ቆንጆ ናት። ሁሩታ ትምህርት ቤት ታስተምር የነበረችው፣ በሚያዝያ ታማ መጥታ ሦስት ሳምንት ተኝታ ያልተነሳችው ልጅ ግን እሷ አይደለችም። ባለቤቴ ልክ ነበረች። እኔ ግን ልክ ናት ለማለት ገና ብዙ ይቀረኝ ነበር።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። መጀመሪያ የሰው ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። ከዚያ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ዲጂታሉ ሲመጣ ሌሎቹ ልጆቻቸውን ኮርስ ላኩ፣ እኔ የሚያስተምረኝም የምልከውም አልነበረኝም። እያበላሸሁ ተማርኩ። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም አልክደውም።

በአሰላ ፎቶ ተነስቶ «ምነው አጠቆርከኝ?» ያላለኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሰው ራሱን ጥቁር ሆኖ ሲያገኘው መስተዋቱን አይወቅስም፣ ካሜራውን ነው የሚወቅሰው። «እዚያ ቤት አትሂዱ፣ ካሜራው ያጠቁራል» ከተባለ ያ ፎቶ ቤት አለቀለት። አንድ የበቆጂ መንገድ ላይ የነበረ ጎረቤቴ በዚህ ወሬ ተዘግቷል። ስለዚህ ማቅላት ተማርኩ። በፊት በመብራት፣ በኋላ በኮምፒውተር። ሙሽራ ስትመጣ ሳትጠይቀኝ አቀላታለሁ። ጉርድ ፎቶ የሚነሳውንም ሳይጠይቀኝ አቀላዋለሁ። እያደር እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ የሚሠራው ሆነ።

አንድ ጊዜ ከጢቾ በኩል የመጡ ሽማግሌ ጉርዳቸውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡና ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ተመልሰው መጡ። «ፉሊ ኩን ካን ኮ ሚቲ» አሉኝ፤ ይህ ፊት የኔ አይደለም ማለታቸው ነው።

«አባባ፣ አሳምሬልዎት ነው።»

«ማን አሳምር አለህ? በዚህ ፊት ሚስቴ ቤት ታስገባኛለች?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌላ አልሠራሁላቸውም፤ ያንኑ ይዘው ሄዱ።

በቤቴ ደግሞ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ውሸት የለም። ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ስኳር ቅማ አልቃምኩም ስላለች ገርፌያታለሁ። በስኳሩ አይደለም፣ በውሸቱ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። አባት ልጁን ውሸት ካላስተማረ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል የሚል እምነት አለኝ። እምነቱ ትክክል ነው። ጉድለቱ እኔ ከሕጉ ውጭ መሆኔ ነው። ይህን ያየሁት አሁን ነው።

ባለቤቴ ፎቶውን ከገለበጠች በኋላ ለጥቂት ቀናት ጥፋቱን የምጭንበት ነገር ስፈልግ ሰነበትኩ፤ ካሜራውን አገኘሁ። ስልኬ ላይ ሳነብ የድሮ ዲጂታል ካሜራዎች ቀለም ከአዲሶቹ ይበልጣል የሚሉ ሰዎች አጋጠሙኝ። የድሮዎቹ ብርሃን የሚቀበሉበት ሰሌዳ ሌላ ዓይነት ነው፣ የሰው ቆዳ ያውቃሉ፣ አዲሶቹ ጥራት እንጂ ነፍስ የላቸውም ይላሉ። ደስ አለኝ። የምረቃው ፎቶ የተነሳው በመጨረሻው ካሜራዬ ነው። ልጄን ያቀላት እሱ ነው ማለት ነው። ለባለቤቴ ነገርኳት።

«ጥፋቱ የካሜራው ነው።»

«እስቲ አሳየኝ» አለች።

ሦስቱንም ከመደርደሪያ አወረድኩ። የመጀመሪያው ብርማ፣ የሳሙና መያዣ የምታህል ትንሽ ነገር ናት፤ በሬዲዮ ባትሪ ነው የምትሠራው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ያገለገለ ገዝቼ በእሷ ነው ዲጂታልን የጀመርኩት። ሁለተኛው ጥቁር፣ ከባድ፣ ሌንሱ የሚፈታ ነው። ልጄ ከዘጠነኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ በነበረችበት ጊዜ ሁሉ የሠራሁበት። ባትሪው ስለሞተ በገመድ ካልሆነ አይነሳም። ሦስተኛው ዛሬም የምሠራበት ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳት። የጭላሎ ተራራ ደመና ለብሶ ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ቶሎም አይለዋወጥም። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳለች። እጅጌውን ሰብስቢና ክንድሽን ጠረጴዛው ላይ ዘርጊ አልኳት። የልጄን መልክ የሚመስል በዓለም ላይ የቀረው ያ ክንድ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ካሜራውን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት።

ከክንዷ አጠገብ ነጭ ወረቀት እንድትይዝ ሰጠኋት። ካሜራ በራሱ ነጭ ምን እንደሆነ አያውቅም። በአምፖል ሥር ነጩ ቢጫ ይሆንበታል፣ በደመና ሥር ሰማያዊ። ወረቀቱን አሳይተኸው ይህ ነው ነጭ ስትለው ሌላውን ቀለም ከዚያ ተነስቶ ያስተካክላል። በሦስቱም ካሜራዎች ወረቀቱን እያሳየሁ አነሳኋት። ከዚያ ሦስቱንም ወደ ኮምፒውተሩ ጫንኩና ምንም ሳልነካ ጎን ለጎን ከፈትኳቸው።

ልዩነት አላቸው፣ አልዋሽም። ትንሿ ካሜራ አረንጓዴውን ሹራብ ወደ ሰማያዊ ወስዳዋለች፤ ጥላው ውስጥ ጤፍ የተበተነበት ይመስል ነጠብጣብ ሞልቷል፤ የወረቀቱ ጠርዝም በብርሃኑ ተበልቶባታል። ሁለተኛው ሞቅ ያደርጋል። ከቡናማው ሥር ያለችውን ቅላት አይጥላትም፤ ክንዱ ደም ያለው ይመስላል። ስልኬ ላይ የጻፉት ሰዎች የሚያወሩት ስለዚህ ከሆነ እውነታቸውን ነው። ሦስተኛው የክንዷን ጸጉር እስክትቆጥር ያጠራል፣ ጥላው ውስጥ አንዲት ነጠብጣብ የለም፤ ግን ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ትንሽ ወደ አመድ ይሄዳል። የማነጻጽረው ለሥራ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ባወራሁ ነበር።

ባለቤቴ ተነስታ መጣች። ክንዷን ከኮምፒውተሩ ገጽ ጎን አድርጋ ከመጀመሪያው ጋር አስተያየችው።

«ይሄ ክንዴ ነው» አለች። ወደ ሁለተኛው ወሰደችው። «ይሄም ክንዴ ነው።» ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጠጋ ብላ አየችው። «ትንሽ የነጣ ይመስላል። ግን ይሄም የኔ ክንድ ነው።»

ክንዷን አነሳችና ወደኔ ዞረች።

«ታዲያ ልጄን ያቀላት የትኛው ነው?»

መልሱን ሁለታችንም እያወቅነው ነበር፤ እኔ ነኝ ለማለት ግን አፌ አልከፈት አለ። የምረቃውን ፎቶ ያልነካሁትን ቅጂ ፈልጌ ላሳያት አሰብኩ። ግን የለም። ቦታ እንዳይሞላብኝ ካስተካከልኩ በኋላ ዋናውን እደመስሰዋለሁ፤ ለሁሉም ደንበኛ የማደርገው ነው። ለልጄም እንደ ደንበኛ አድርጌላታለሁ። ከዚያ በፊት የነበሩትን፣ የልደቱን፣ የገናውን፣ የጓደኞቿን ሠርግ፣ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም ላይ እጄ አለበት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልጄን ካሜራ ፊት አቁሜ የሌላ ሰው ልጅ ሳስቀምጥ ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ወረቀቱን አሁንም ይዛው ነበር። ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ይሄን ነበር እሷን የምታስይዛት?» አለች።

«ምኑን?»

«ወረቀቱን ነዋ። ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋት ታቆማት አልነበር? ክንዷ እስኪዝል።»

እውነት ነው። ትምህርት በሌለበት ቀን ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን በጉንጯ አጠገብ ትይዝልኛለች፣ እኔ መብራቱንና ቀለሙን አስተካክላለሁ። የመሞከሪያ ፎቶ ነው፤ ማንም አይገዛው፣ ማንም አያየው፤ ስለዚህ አይስተካከልም። ማታ ካርዱን ሳጸዳ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ካሜራ ግን በሥራ ላይ እያለ ነው የሞተብኝ። በማግስቱ ሦስተኛውን ገዛሁ፣ የሞተውን መደርደሪያ ላይ አወጣሁት፤ ካርዱን ያጸዳው የለም።

ካርዱን አወጣሁ። ቅድም የባለቤቴን ክንድ ብቻ ነበር የገለበጥኩት፤ ከእሱ ሌላ ሃያ ሁለት ፎቶ አለበት። አሥራ ዘጠኙ የአንድ ቤተሰብ ጉርድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ልጄ ናት።

በአንዱ ዓይኗን ጨፍናለች። በአንዱ ወረቀቱ አገጯን ሸፍኖታል። በሦስተኛው ወረቀቱ ከጉንጯ ጎን ነው፣ ወረቀቱ በትክክል ነጭ ነው፣ ስለዚህ ፊቷ በትክክል ፊቷ ነው። ያ ጠቆር ያለ ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ከዓይኗ ሥር ጨለም የሚለው ቦታ። ስምንት ወር ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ላመጣው የሞከርኩትና ያልመጣልኝ መልክ።

ግን ትመለከተኛለች። ከንፈሯ ተጣብቋል። ቁጣ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከዚህ ሰው ምንም አልጠብቅም የሚል ዓይን ነው። ቀኑን ወዲያው አወቅሁት።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ኮሌጅ ፈተና ነበራት። መታወቂያዋ ላይ የለጠፈችው ጉርድ የኔ ሥራ ነው። በሩ ላይ የሚፈትሸው ሰው ፎቶውንና ፊቷን አስተያየና «ይቺ ሌላ ሰው ናት፣ ለእህትሽ ልትፈተኚላት ነው የመጣሽው?» አላት። የሚያውቃት መምህር እስኪገኝ ውጭ አቆማት። ስትገባ ሌሎቹ አንድ ገጽ ጨርሰዋል። ቤት መጥታ ነገረችኝ።

«አባዬ፣ ሁለተኛ አታቅላኝ። እኔ ጥቁር ነኝ፣ ምን አጠፋሁ?»

እኔ ምን አልኳት? «ያ ዘበኛ ሄዶ ዓይኑን ይታከም!» አልኳት። በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«አንተ ውሸት አልወድም ትላለህ» አለችኝ።

ለዚህ ልመታት እጄን አነሳሁ። አልመታኋትም፣ ግን አንስቼዋለሁ፤ ለሷ ልዩነት የነበረው አይመስለኝም። በማግስቱ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ «ነይ ወረቀቱን ያዢልኝ» ብዬ ጠራኋት። መጣች፣ ተቀመጠች፣ ያዘችልኝ። ፎቶው የዚያ ጠዋት ነው።

የማደርገውን ወዲያው አውቅ ነበር። የከንፈሯን ጫፍ በትንሹ ከፍ ማድረግ፣ ዓይኗን ትንሽ ማለስለስ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለስንት ሙት ፈገግታ ሰጥቻለሁ፤ ቤተሰቡም መርቆኝ ሄዷል። ቀለሙን አልነካም፣ ቀለሙ እውነት ሆኖ ይቀር፣ ከንፈሩን ብቻ፣ አልኩ ለራሴ። እጄ ማውሱ ላይ ነበር። ከንፈሯን አጉልቼ ከፍቼ ነበር።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጣች።

«አገኘህ?»

ፎቶውን ወደ ሙሉ መጠኑ መለስኩት። ባለቤቴ «ልጄ» አለችና ወንበሩን ይዛ ቆመች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ በኔ ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እሷ ግን ወደኔ አልዞረችም፣ ፎቶውን ነው የምታየው።

ሲበርድላት «ይሄ ነው የሚለጠፈው» አለች።

«ፊቷን አላየሽውም? ተቆጥታለች እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ከፈተናው በኋላ ነው። እ… መታወቂያዋን በተመለከተ…»

«አውቃለሁ። ለኔ ነግራኛለች።»

«መቼ?»

«ያኔውኑ። ለምረቃው ፎቶ የተቀመጠችልህ እኮ እኔ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት ነው። አባትሽ ነው፣ ሥራው ነው፣ ብዬ።» ማውሱን የያዘውን እጄን አየችና «ከንፈሯን ልትነካ ነበር?» አለችኝ።

ነበር አልኳት። ቢያንስ ይህን አልዋሸሁም።

«ተዋት» አለች። «ቁጣዋም የሷ ነው።»

ከፎቶው ጎን ወረቀቱን ብቻ ቆርጬ አዳማ ላክሁት። በሁለተኛው ቀን ሐውልት ሠሪው ደወለ፤ ትሑት ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ፎቶው ደርሶኛል። ትንሽ ጨለም ብሏል። ሸክላ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ላቅላልዎት?»

«አታቅላ።»

«ኧረ በነጻ ነው ጋሼ! እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት፣ ያውቁታል። ሰው ሲያየው ቅር እንዳይለው ብዬ ነው።»

ልጁ የተናገረው እኔ ለሰው ስናገር የኖርኩትን ነው፣ ቃል በቃል። ልቆጣው ምን ፊት አለኝ?

«ልጄ ጠቆር ያለች ናት» አልኩት። «እንዳለች አትምልኝ። ፊቷን አትንካው።»

ድንጋዩ የቆመው በጥር፣ አጨዳው አልቆ ነፋሱ አቧራ በሚያነሳበት ሰሞን ነው። ወንጌላዊው ጸለየ፣ ዝማሬ ተዘመረ፣ ዘመድ አንድ በአንድ እየቀረበ አየ። ብዙዎቹ ያዩና ያልፋሉ። ታላቅ እህቴ ግን ዝም የምትል ሰው አይደለችም።

«አንተ፣ ፎቶ ቤት ይዘህ የሚስቅ ፎቶ ጠፋብህ? በዚያ ምረቃ ጊዜ እንዴት አምሮባት ነበር! ምነው ልጅቷን እንዲህ አኩርፋ…»

ሰው ሁሉ ሰማ። ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች፤ የምመልሰውን እየጠበቀች እንደሆነ አወቅሁ። ሌላ አልተገኘም ማለት ይቻል ነበር። ካርዱ ተበላሽቶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ካሜራ ላይ ማመካኘት ለኔ አዲስ አይደለም።

«አኩርፋ ነው» አልኩ። «የምታየው እኔን ነው። ያነሳኋት እኔ ነኝ።»

«ምን አድርገሃት?»

«ፊቷን ቀየርኩባት። ፎቶዋን ሁሉ አቀላሁት። ተው ስትለኝ እጄን አነሳሁባት።»

እህቴ ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። «አይዞህ፣ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ። ሁሉም ፎቶ ቤት ያቀላ የለም እንዴ?»

«ሐዘን አይደለም» አልኳት። «ያደረግሁት ነው።»

ነጠላዋን አስተካከለችና ወደሌሎቹ ሄደች። ጥቂት ቆይቶ ሰዉ ወደ ሻይ ተጠርቶ ቁልቁል ወረደ፣ እኔና ባለቤቴ ቀረን። ልጄን ይቅር በዪኝ ልላት ፈልጌ ነበር። በእኛ እምነት ሙታንን ማናገር የለም፤ በሕይወት እያለች ደግሞ አላልኳትም።

ባለቤቴ የድንጋዩን አቧራ በእጇ ጠረገችና ቀና አለች።

«ቁልቁለቱ ያንሸራትታል፣ ቀስ በል» አለችኝና ከፊት ከፊቴ ወረደች።